የታፈነ ትንፋሽ መውጫው፦ ለቱርቦ ሞተር የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አመራረጥና አተካከል

ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ወናፍ ሲነፋ ያየ ሰው የቱርቦን ሥራ ግማሹን ያውቃል። ወናፉ አየር ሰብስቦ በጠባብ አፍ ወደ ከሰሉ ይገፋል፤ አየሩ በበዛ ቁጥር እሳቱ ይንቦገቦጋል። ቱርቦም ያው ነው። ልዩነቱ ወናፉን የሚነፋው የሰው እጅ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ የሚተፋው ጭስ መሆኑ ነው። ጭሱ በአንድ ወገን ያለውን ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ የተያያዘው መጭመቂያ ደግሞ በሌላው ወገን አየር እየሳበ ወደ ሲሊንደሮቹ ይጠቀጥቃል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ለዚህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

አሁን ወናፉ በሙሉ ኃይል እየተነፋ ሳለ አንድ ሰው አፉን በጭቃ ቢደፍነው ምን ይሆናል? የተገፋው አየር መሄጃ ያጣል፤ ወይ ቆዳውን ይቀደዋል፣ ወይ የነፊውን እጅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በቱርቦ መኪና ላይ ይህ ነገር ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይደርሳል። አሽከርካሪው ዳገት እየወጣ፣ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ሳለ፣ ማርሽ ለመቀየር እግሩን ድንገት ያነሣል። በቤንዚን ሞተር ላይ ያን ጊዜ የአየር መግቢያው በር፣ ስሮትል የምንለው፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ቱርቦው ግን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ነበርና በአንድ ጊዜ አይቆምም። የገፋው አየር ከተዘጋው በር ጋር ተላትሞ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ገና ወደ ፊት ከሚገፋው መጭመቂያም ጋር ይጋጫል። ‹ትር-ትር-ትር› የሚል የሚርገበገብ ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ድምፁን የሚወዱት ብዙ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን የሚሰሙት የመጭመቂያው ቅጠሎች አየሩን መያዝ አቅቷቸው ሲለቁትና መልሰው ሲይዙት ነው። የዘንጉ ኩሽኔታዎችም ያንን ምት ይቀበላሉ፤ ቱርቦው ፍጥነቱን ስለሚያጣ መልሶ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይዘገያል።

ለዚህ የታፈነ ትንፋሽ መውጫ የሚሰጠው ቫልቭ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንጨብጥ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ቫልቭ የሚያውቀው የግፊት ልዩነትን ብቻ ነው። በአንድ ፊቱ የሚገፋው በሌላው ፊቱ ከሚገፋው ሲበልጥና ልዩነቱ የሞላውን ጉልበት ሲያሸንፍ ይከፈታል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ሞላው ይዘጋዋል። ስለዚህ የት እንደሚተከልና በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚሠራ ሳይታወቅ ‹ጥሩ ቫልቭ› የሚባል ነገር የለም።

ሁለቱ ቫልቮች

በቱርቦ ሞተር ላይ ግፊት የሚያስተነፍሱ ሁለት ቫልቮች አሉ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ዌስትጌት ነው፤ የሚሠራው በጭሱ ወገን ነው። ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ከጭሱ ከፊሉ ተርባይኑን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ማርሚታው እንዲወጣ ያደርጋል፤ በዚህም ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር ይገታዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር፣ ከመጀመሪያዎቹ የቱርቦ የቤት መኪኖች አንዱ፣ ዌስትጌት ነበረው። ሁለተኛው በንጹሕ አየሩ ወገን፣ በመጭመቂያውና በስሮትሉ መካከል የሚቀመጠው ነው። አየሩን ወደ ውጭ የሚለቅ ከሆነ ብሎውኦፍ ቫልቭ፣ ወደ መጭመቂያው መግቢያ የሚመልስ ከሆነ ባይፓስ ቫልቭ ይባላል።

ዌስትጌት ሞተሩ ሲጎትት ይሠራል፤ ብሎውኦፍ እግር ሲነሣ ይሠራል። የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላት አይቻልም። ግፊቱ ከልክ በላይ እየወጣ ያስቸገረው ሰው ትልቅ ብሎውኦፍ ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ እንጂ ችግሩን አልፈታም።

ቫልቩን ጠረጴዛ ላይ እንየው

አንድ ብሎውኦፍ አውልቀን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ። ከሥሩ ወደ ዋናው የአየር ቱቦ የሚገጥም ሰፊ አፍ አለው፤ ከጎኑ አየሩ የሚወጣበት ሌላ አፍ፤ ከአናቱ ደግሞ ቀጭን ጎማ ቱቦ የሚሰካበት ትንሽ ጡት። ሲከፈት ሆዱ ውስጥ ሞላና ፒስተን፣ ወይም በፒስተን ፈንታ የጎማ ሽፋን ይገኛል። በአውራ ጣት ፒስተኑን ከሥር ወደ ላይ ብንገፋው ሞላው ይታገለናል፤ ስንለቀው ጥርቅም ብሎ ይመለሳል። በእጅ የሚሠራ የቫክዩም ፓምፕ ካለ ከአናቱ ጡት ጋር አገናኝተን ቀስ እያልን እንሳብ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ ፒስተኑ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎም ይነሣል። መነሣት የጀመረበትን የመለኪያ ቁጥር ወረቀት ላይ እንጻፈው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የአናቱ ቀጭን ቱቦ የሚሄደው ከስሮትሉ ወዲያ ወዳለው የአየር ማኒፎልድ ነው። የብልሃቱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጎትት ስሮትሉ ክፍት ስለሆነ በቫልቩ ሥርና በአናቱ ያለው ግፊት እኩል ይሆናል፤ ሞላው ቫልቩን ይዘጋዋል፣ አየርም አይባክንም። እግር ሲነሣ ስሮትሉ ይዘጋል፤ ከሥር የታመቀው አየር ይገፋል፣ ከአናት ደግሞ ማኒፎልዱ ባዶ ሆኖ ይስባል። ሁለቱ ተደምረው ሞላውን ያሸንፉትና ቫልቩ ይከፈታል።

ዘመናዊ መኪኖች አንዳንዶቹ ይህን ሥራ በኤሌክትሪክ ለሚከፈት ቫልቭ ሰጥተውታል፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከሞተሩ ኮምፒውተር ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የተበላሸውን በዚያው ዓይነት መተካት ይሻላል፤ በቫክዩም የሚሠራውን መግጠም ኮምፒውተሩን ግራ ያጋባል።

አየሩ ወዴት ይውጣ?

በምርጫ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ያለው የሞተሩ ኮምፒውተር አየሩን በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። ብዙ ሞተሮች ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የሚያልፈውን አየር የሚቆጥር ሴንሰር አላቸው። ኮምፒውተሩ በዚህ ቁጥር ልክ ነዳጅ ይመድባል። የተቆጠረውን አየር ብሎውኦፍ ወደ ውጭ ሲለቀው ነዳጁ ተመድቦ አየሩ ይጎድላል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ አንዳንዴም መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠፋል። በጊዜ ብዛት ሻማውና የጭስ ማጣሪያው ይጎዳሉ። ለእንዲህ ያለ ሞተር ባይፓስ ቫልቭ ይመረጣል፤ የተቆጠረው አየር ከሴንሰሩ በኋላ፣ ከመጭመቂያው በፊት ባለው ቱቦ ይመለሳልና ሂሳቡ አይፋለስም። የመመለሻው ቱቦ ወደ መጭመቂያው ያዘነበለ ሆኖ ቢገጠም ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የሚመለሰው አየር መጭመቂያውን በዞረበት አቅጣጫ ያግዘዋል እንጂ አይጋፋውም።

ኮምፒውተሩ አየሩን በመቁጠር ፈንታ በማኒፎልዱ ግፊት የሚያሰላ ከሆነ ወደ ውጭ መልቀቅ ሂሳቡን ብዙ አያናጋም። ይሁንና ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ አንድ ግዴታ አለበት፤ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ተዘግቶ መቆየት አለበት። ያን ጊዜ ክፍት ከሆነ በፊልትሮ ያላለፈ አየር ከነአቧራው ወደ ቱቦው ይገባል። የአቧራ መንገዳችን ለሲሊንደር ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ መካኒኮቻችን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ሞላውን በሚኖሩበት ከፍታ መለካት

በአገራችን ከሁሉ የበለጠ የሚዘነጋው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። በባሕር ጠረፍ ያለው የአየር ግፊት 1.01 ባር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። ሥራ ፈትቶ የሚዞር ጤነኛ ሞተር በማኒፎልዱ ውስጥ 0.35 ባር ያህል ግፊት አለው እንበል። በባሕር ጠረፍ ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት፣ ማለትም ቫክዩሙ፣ 0.66 ባር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን 0.41 ባር ብቻ ይሆናል። በሜርኩሪ ኢንች በሚያነብ መለኪያ ይህ ከ20 ገደማ ወደ 12 ገደማ መውረድ ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

አሁን አንድ ሰው በባሕር ጠረፍ አገር የተዘጋጀ የሞላ ሠንጠረዥ አይቶ፣ ለመክፈት 0.7 ባር ልዩነት የሚፈልግ ሞላ ገዛ እንበል። ለዚያ አገር ምርጫው ትክክል ነው፤ ሥራ ሲፈታ 0.66 ባር ሞላውን አያሸንፍምና ቫልቩ ተዘግቶ ይቆያል። አሽከርካሪው ቱርቦው 0.2 ባር ብቻ ሲገፋ እግሩን ቢያነሣ እንኳ ከሥር 0.2፣ ከአናት 0.66፣ ባንድ ላይ 0.86 ባር ይሆንና ቫልቩ ይከፈታል። ያው ቫልቭ አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ ከሥር 0.2፣ ከአናት 0.41፣ ባንድ ላይ 0.61 ባር ብቻ ያገኛል። 0.7ን አያሸንፍም፤ ተዘግቶ ይቀራል። በከተማ መንገድ፣ ቀስ ባለ አነዳድ፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ‹ትር-ትር› ይላል። ባለቤቱ ‹ቫልቩ ፎርጅድ ነው› ብሎ ይደመድማል፤ ጥፋቱ ግን የሞላው ነው።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መኪናው በሚኖርበት ከተማ፣ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ቫክዩሙ ይለካ። ወደ ውጭ ለሚለቅ ቫልቭ ከዚያ ቁጥር ጥቂት ከፍ ያለ ሞላ ይመረጥ፤ በምሳሌያችን 0.45 ባር አካባቢ መሆኑ ነው። ቀደም ሲል ጠረጴዛው ላይ የጻፍነው ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስተያየት ከማንም ምክር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ለአዲስ አበባ የተመረጠው የ0.45 ባር ሞላ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ ሥራ ፈትቶ በሚዞር ሞተር 0.66 ባር ይገጥመዋል፤ ይከፈታል፣ አቧራም ይስባል። ከደጋ ወደ ቆላ ለሚመላለስ መኪና እንግዲህ ባይፓስ ቫልቭ ይመከራል። ሥራ ሲፈታ ቢከፈት እንኳ የሚዞረው የተጣራና የተቆጠረ አየር ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ሞላውም ለደጋው ልክ ለስለስ ተደርጎ ሊመረጥ ይችላል።

ፒስተን ወይስ የጎማ ሽፋን ለሚለው፣ ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው። የጎማ ሽፋን ያለው በደንብ ይዘጋል፤ ቅባትም አይፈልግም። ነገር ግን ሙቀትና የዘይት ጭጋግ ጎማውን ያደርቁትና ይሰነጠቃል። ፒስተን ያለው ከፍ ያለ ግፊት ይችላል፤ በፈንታው አቧራ ሲገባበት ይጣበቃልና በየጊዜው ተፈትቶ መጽዳትና መቀባት አለበት። ስለ መጠን ከተነሣ፣ ፋብሪካው ከሰጠው ግፊት ብዙ ላልራቀ ሞተር ግዙፍ ቫልቭ አያስፈልግም፤ ትልቅ ቫልቭ የሚፈለገው ትልቅ ቱርቦ ብዙ አየር ሲገፋ ነው።

የት ይተከል?

ከመጭመቂያው ወጥቶ አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር አልፎ እስከ ስሮትሉ በሚሄደው ቱቦ ላይ ሁለት ቦታዎች ይታሰባሉ። አንደኛው ለስሮትሉ ቅርብ ነው። የግፊቱ ማዕበል የሚነሣው ከሚዘጋው በር ስለሆነ መውጫውን እዚያው አጠገብ ማድረግ ማዕበሉ ረጅሙን ቱቦ ተጉዞ መጭመቂያው ላይ ከመድረሱ በፊት ያስተነፍሰዋል። አየሩም በኢንተርኩለር ቀዝቅዟልና የቫልቩ ጎማ ዕድሜ ይረዝማል። ሁለተኛው ለቱርቦው ቅርብ፣ አንዳንዴም መጭመቂያው ቅርፊት ላይ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን የሚመርጡት የባይፓሱ መንገድ እጅግ ስለሚያጥርና ለመገጣጠም ስለሚቀል ነው። ነገር ግን እዚያ ያለው አየር ትኩስ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው፣ ከ110 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። እዚያ የሚተከል ቫልቭ ይህን ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። በቤት ለሚገጣጠም ሥራ የስሮትሉ ወገን ይሻላል።

የትም ቢተከል የቫልቩ አፍ ለዋናው ቱቦ የተጠጋ ይሁን። ረጅም አንገት ላይ የተንጠለጠለ ቫልቭ አየሩ እየተጠማዘዘ እንዲደርስበት ያስገድዳል፤ ይዘገያል። ቱቦው ላይ የሚበየደው ማስቀመጫም ውስጡ በሞረድ ይለስልስ፤ ወደ ውስጥ የገባ የብየዳ ጠርዝ አየሩን ያውካል።

የአንዲት ትንሽ የቦታ ለውጥ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የውድድር መኪኖች አሳይተዋል። በአሜሪካው የካርት (CART) የመኪና ውድድር አዘጋጆቹ ለሁሉም ሞተር አንድ ዓይነት የግፊት መገደቢያ ቫልቭ ያድሉ ነበር። የሞተር ሠሪዎች ግን በቫልቩ አፍ ሥር የሚያልፈውን አየር በቅርጽ ብልሃት ማፍጠን እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ የሚፈጥን አየር በጎኑ የሚያሳርፈው ግፊት ይቀንሳልና ቫልቩ በሞተሩ ውስጥ ካለው ያነሰ ግፊት ያያል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዲትሮይቱ ውድድር አዘጋጆቹ ቫልቩን ከፍ የሚያደርግ ማስገቢያ ከሥሩ እንዲገባ ቢያዝዙ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ቫልቭ የሚያየው አፉ ላይ ያለውን ብቻ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል። በእኛም ሥራ ሹል ኩርባ ላይ ወይም ቱቦው በሚጠብበት ቦታ ቫልቭ መትከል አይገባም።

የአናቱ ቀጭን ቱቦም የራሱ ሥርዓት አለው። ከስሮትሉ ወዲያ ካለ ራሱን የቻለ የማኒፎልድ ቀዳዳ ይምጣ፤ ከፍሬን ሰርቮ ወይም ከነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ጋር አይጋራ። አጭር ይሁን፤ በቫክዩም የማይጨማደድ፣ ሙቀት የሚችል ይሁን። ቱቦው ረዝሞ ከቀጠነ ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ግፊቱም መጭመቂያውን ከመታ በኋላ ይከፈታል።

የጭሱ ወገን

ዌስትጌትን ለብቻው ለሚተክል ሰው ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ሁሉም ሲሊንደሮች ጭሳቸውን በሚያገናኙበት ቦታ ይተከል፤ ቅርንጫፉም ጭሱ በሚፈስበት አቅጣጫ ያዘነበለ ይሁን። በቀጤ ማዕዘን የተበየደ ቅርንጫፍ ጭሱ ተርባይኑን ትቶ ለመታጠፍ እንዲቸገር ያደርጋል፤ ዌስትጌቱ ቢከፈትም ግፊቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሾልካል። ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው፤ ከመጀመሪያ ግምታችን ጋር ይቃረናል። ዝቅተኛ ግፊት ለሚፈልግ ሞተር ትልቅ ዌስትጌት፣ ከፍተኛ ግፊት ለሚፈልግ አነስ ያለ ይበቃዋል። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ መያዝ ማለት ብዙ ጭስ በአቋራጭ ማሳለፍ ነውና።

ከፍታ እዚህም ይገባል። የ0.7 ባር ሞላ ያለው ዌስትጌት በባሕር ጠረፍ ሞተሩን በጠቅላላው 1.71 ባር ያጠግባል፤ መጭመቂያው የውጭውን አየር 1.7 እጥፍ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ሞላ ሞተሩ የሚያገኘው 1.46 ባር ነው፤ መጭመቂያው ግን 1.9 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ሞተሩ ያነሰ ያገኛል፣ ቱርቦው የበለጠ ይደክማል። የጎደለውን ለመሙላት ሞላውን ወደ 0.95 ባር ያሳደገ ሰው ቱርቦውን 2.25 እጥፍ እንዲጨምቅ አዝዞታል፤ የሚወጣው አየርም ወደ 130 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን ከማድረግ በፊት ቱርቦው ለዚህ ፍጥነት መሠራቱን ማረጋገጥ የግድ ነው።

የናፍታ ሞተርስ?

በመንገዳችን ላይ የምናያቸው የጭነት መኪኖችና ፒክአፖች አብዛኞቹ ናፍታ ናቸው። የናፍታ ሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው በነዳጁ መጠን ስለሆነ እግር ሲነሣ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ የአየር በር የለበትም፤ አየሩ መንገድ አያጣም። ስለዚህ ብሎውኦፍ አያስፈልገውም። ለድምፅ ብሎ መግጠም አንድ ተጨማሪ የሚያፈስ ቀዳዳ መክፈት ነው። ለናፍታ መኪና ባለቤት የሚጠቅመው ዌስትጌቱን፣ ቱቦዎቹንና ፊልትሮውን መጠበቅ ነው።

ከተተከለ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ የቱርቦው መግቢያ በልክ በተቆረጠ ክዳን ይደፈንና በኮምፕሬሰር ቀስ ብሎ 0.5 ባር ያህል አየር ይሞላ። በሳሙና ውኃ የተነከረ ብሩሽ በየመጋጠሚያው፣ በየማሰሪያው፣ በቫልቩ ዙሪያ ይለፍ። አረፋ የኮረፈበት ቦታ ያፈስሳል። አንድ ቀላል መጋጠሚያ ማጥበቅ አዲስ ቫልቭ ከመግዛት የሚያድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ መኪናው ዳገት ላይ ይሞከር፤ በትንሽ ግፊትም በትልቅም እግር እየተነሣ ድምፁ ይደመጥ። አጭር፣ አንድ ጊዜ የሚወጣ ትንፋሽ ደኅና ነው፤ የሚርገበገብ ከሆነ ሞላው ጠንክሯል ወይም ቀጭኑ ቱቦ ታውኳል።

በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ፣ ያ ነገር ሞተሩ በሚኖርበት ከተማ ሥራ ፈትቶ ሲዞር የሚነበበው ቫክዩም ይሁን። ያንን ቁጥር ጽፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ቫልቭ ሊገዛ ሲሄድ ሻጩን ስለ ድምፅ አይጠይቅም፤ ‹ሞላው ስንት ላይ ይከፈታል?› ብሎ ይጠይቃል። ለመኪናውም የሚስማማውን ይዞ ይመለሳል።